ማንን አሸንፈው ነው?

ተማሪ የዓመቱን ካርድ ይዞ ቤት ሲገባ የመጀመሪያው ጥያቄ የታወቀ ነው፦ «ስንተኛ ወጣህ?» አንደኛ ካለ እልልታ ነው። ነገር የሚመረምር አጎት ካለ ግን ሁለተኛ ጥያቄ ይከተላል፦ «ጎበዞቹ ያሉት እናንተ ክፍል ነው ወይስ ከጎን ያለው?» በደካማ ክፍል አንደኛ መውጣትና በጠንካራ ክፍል አምስተኛ መውጣት እንደሚለያይ አጎት ያውቃል።

ወዳጆቼ፣ ዛሬ የማጫውታችሁ የዚህን አጎት ጥያቄ በቁጥር ስለሚጠይቅ ስሌት ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቅርጫት ኳስ ቡድኖችን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚደረድር የኮምፒውተር ስሌት አለ። አሜሪካ ውስጥ የወንዶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ያላቸው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ብቻ ከ15 ሺህ በላይ ናቸው። አብዛኞቹ እርስ በርስ ተገናኝተው አያውቁም፤ ወደፊትም አይገናኙም። እንዲያም ሆኖ ኮምፒውተሩ ይደረድራቸዋል። ነገሩን ገልጬ ሳየው በጣም ያስደሰተኝ ውስጡ ያለው ሐሳብ ቀላል መሆኑ ነው፤ ጉንችሬ ላይ አንድ ደብተርና አንድ ስልክ ያለው ሰው ሊሠራው ይችላል።

ፈታኙም ተፈታኝ ነው

ጉንችሬን ለማታውቁ፣ በእነሞር ወረዳ የምትገኝ የጉራጌ ዞን ከተማ ናት፤ ከወልቂጤ ተነስቶ በእምድብር በኩል ወደ ሆሳዕና የሚሄደው መንገድ ያልፍባታል። የትምህርት ቤት ስፖርት እንደ ሌላው የአገራችን ክፍል በደረጃ ይወጣል፤ መጀመሪያ በክፍሎች መካከል፣ ቀጥሎ በጉድኝትና በወረዳ፣ ከዚያ በዞን፣ የቀናውም በክልል ይጫወታል።

እንዲህ ባለ ውድድር በብዛት የሚመረጠው መንገድ ጥሎ ማለፍ ነው፤ ምክንያቱም ርካሽ ነው። ስምንት ቡድኖች ቢኖሩ ሰባት ጨዋታ ዋንጫውን ይለያል። ነገር ግን ከስምንቱ አራቱ አንድ ጊዜ ብቻ ተጫውተው ይሸኛሉ። ዕጣው ሁለቱን ጠንካራ ቡድኖች በመጀመሪያው ቀን ካገናኘ ደግሞ በዞኑ ሁለተኛ ሊሆን የሚገባው ቡድን ከሁሉ ቀድሞ ሻንጣውን ይሸክፋል። ሁሉም ከሁሉም ይጫወት ብንል 28 ጨዋታ ያስፈልጋል። የመኪናው ኪራይ፣ የተጫዋቾቹ ምሳ፣ የዳኛው አበል፣ ከትምህርት የሚባክነው ቀን ሲደመር ለትምህርት ቤት የሚቻል አይሆንም።

ታዲያ በጥቂት ጨዋታ ትክክለኛውን ደረጃ እንዴት እናውቃለን? የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ላይ ችግሩ የለም፤ የጉንችሬውም የቡታጅራውም ተማሪ አንድ ዓይነት ፈተና ይቀርብለታል፤ ውጤታቸውን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይቻላል። በስፖርት ግን የጋራ ፈተና የለም። ለእያንዳንዱ ቡድን ፈተናው ተጋጣሚው ነው። አንዱ ከባድ ፈተና ይገጥመዋል፣ ሌላው ቀላል። ፈተናው ከባድ ነው ወይስ ቀላል የሚለውን ለማወቅ ደግሞ የተጋጣሚውን ጥንካሬ ማወቅ አለብን። የተጋጣሚው ጥንካሬ የሚታወቀው እሱ ራሱ በተጋጠማቸው ነው። ፈታኙም ተፈታኝ ነው ማለት ነው። ሀን ለማወቅ ለን፣ ለን ለማወቅ ሐን፣ ሐን ለማወቅ ተመልሰን ሀን ማወቅ ግድ ይሆንብናል። ክብ መንገድ ነው፤ መውጫው የት ነው?

ድል መቁጠር የት ድረስ ይወስደናል

ቀላሉን መንገድ አስቀድመን እንየው። አንድ ቡድን ከ10 ጨዋታ 8 ጊዜ አሸነፈ፤ 80 በመቶ። ሌላው ከ10 ጨዋታ 6 ጊዜ አሸነፈ፤ 60 በመቶ። ሦስተኛው አንድ ጊዜ ብቻ ተጫውቶ አሸነፈ፤ 100 በመቶ። በዚህ አቆጣጠር አንድ ቀን የተጫወተው ቡድን አንደኛ ነው። ልባችን ግን አይቀበለውም።

ዌስሊ ኮሊ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ፈለክ ሊቅ ለዚህ ያማረ መፍትሔ ተጠቅሟል። ለእያንዳንዱ ቡድን ገና ሜዳ ሳይገባ አንድ ድልና አንድ ሽንፈት እናበድረዋለን። እንግዲህ ድሎቹ ላይ 1 ጨምረን፣ ጨዋታዎቹ ላይ 2 ጨምረን እናካፍላለን። ምንም ያልተጫወተ ቡድን ከሁለት አንድ፣ ማለትም 0.50 ይይዛል፤ ስለ እርሱ የምናውቀው ስለሌለ መሐል ላይ ይቀመጣል። አንድ ተጫውቶ ያሸነፈው ከሦስት ሁለት፣ 0.67 ያህል ያገኛል። ከ10 ስምንት ያሸነፈው ከ12 ዘጠኝ፣ 0.75 ይሆናል። ይኸው ስምንት ጊዜ ያሸነፈው ቡድን ቀደመ። ብዙ ጨዋታ ባደረግን ቁጥር የተበደርነው አንድ ድል ክብደቱ እየቀነሰ፣ የራሳችን ሥራ እየጎላ ይሄዳል።

የአጎት ጥያቄ ግን አሁንም አልተመለሰም። ስምንቱ ድሎች የተገኙት ማን ላይ ነው? ኮሊም እዚህ ላይ አላቆመም፤ የተጋጣሚዎችን ጥንካሬ በስሌቱ ውስጥ ያስገባል። እንዴት እንደሚገባ በነጥብ ልዩነት ባሳያችሁ ይቀልላል።

ያልተገናኙትን ማገናኘት

አራት ቡድኖችን እናስብ፤ ጉንችሬ፣ እምድብር፣ አገና እና ወልቂጤ። ከዚህ በታች ያሉት ውጤቶች ሐሳቡን ለማስረዳት እኔ ያዘጋጀኋቸው ናቸው፤ የእውነተኛ ውድድር ውጤት አይደሉም።

ጉንችሬ እምድብርን 45 ለ 40 አሸነፈ። እምድብር አገናን 50 ለ 40 አሸነፈ። ወልቂጤ አገናን 52 ለ 40 አሸነፈ።

ጉንችሬና ወልቂጤ አልተገናኙም። ማን ይበልጣል? አገናን መነሻ አድርገን ዜሮ እንስጠው። እምድብር አገናን በ10 ስለበለጠ 10 ይይዛል። ጉንችሬ እምድብርን በ5 ስለበለጠ 15 ላይ ይቀመጣል። ወልቂጤ አገናን በ12 ስለበለጠ 12 ነው። ስለዚህ ጉንችሬ ከወልቂጤ በ3 ነጥብ ይበልጣል ብለን እንገምታለን። ሁለቱ ቡድኖች አንድ ሜዳ ላይ ሳይቆሙ፣ በመካከል ያሉት ሁለት ቡድኖች መሰላል ሆነው አገናኟቸው።

አንድ ክር ብቻውን ቀጭን ነው። እምድብር አገናን የገጠመ ዕለት ከአገና ምርጡ ተጫዋች ታሞ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ግምታችን ይሳሳታል። ነገር ግን ጨዋታው በበዛ ቁጥር ከአንዱ ቡድን ወደ ሌላው የሚወስደው መንገድ ይበዛል፤ የአንዱን መንገድ ስሕተት ሌላው ያርመዋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው የአባቶቻችን ቃል እዚህ ቦታ በሒሳብ ሲሠራ ታዩታላችሁ።

ሳይጫወቱ ደረጃ መውረድ

አሁን አንድ ጨዋታ ልጨምር። ወልቂጤ እምድብርን 49 ለ 41፣ በ8 ነጥብ ልዩነት አሸነፈ።

ቀድሞ በያዝነው ግምት ወልቂጤ 12፣ እምድብር 10 ስለነበሩ ልዩነቱ 2 መሆን ነበረበት። ሜዳው የነገረን ግን 8 ነው። የትኛውን እንመን? ሁሉንም፣ ግን ሁሉንም በከፊል። ኮምፒውተሩ የሦስቱን ቡድኖች ቁጥር ወዲያና ወዲህ እያንቀሳቀሰ ስሕተቶቹ በድምሩ በጣም የሚያንሱበትን ቦታ ይፈልጋል። በትክክል ሲሰላ አገና 0፣ እምድብር 8፣ ወልቂጤ 14 ይሆናሉ። ሞክሩት፤ እምድብርና አገና በ10 ተለያይተው ነበር፣ ስሌቱ 8 ይላል፤ በ2 ሳተ። ወልቂጤና አገና በ12 ተለያይተው ነበር፣ ስሌቱ 14 ይላል፤ በ2 ሳተ። ወልቂጤና እምድብር በ8 ተለያዩ፣ ስሌቱ 6 ይላል፤ እዚህም በ2 ሳተ። ስሕተቱ ለሦስቱ ጨዋታዎች እኩል ተካፈለ።

ጉንችሬስ? ከእምድብር በ5 ስለሚበልጥ 8 ሲደመር 5፣ 13 ሆነ። ወልቂጤ ደግሞ 14 ላይ ነው። ጉንችሬ በዚያ ቀን አልተጫወተም፤ አልተሸነፈም፤ ተጫዋቾቹ ምናልባት ክፍል ውስጥ ሒሳብ እየተማሩ ነበር። እንዲያም ሆኖ ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ወረደ።

በኮምፒውተር ደረጃ ላይ ከሚነሱ ቅሬታዎች አንዱ ይህ ነው፦ «ሳንጫወት እንዴት ወረድን?» መልሱን አሁን እናንተም ታውቁታላችሁ። የጉንችሬ ኩራት እምድብርን ማሸነፉ ነበር። እምድብር ከገመትነው ያነሰ ሆኖ ሲገኝ እርሱን ማሸነፍም ዋጋው ቀነሰ። ተቃራኒውም ይሠራል፦ ያሸነፍነው ቡድን በየሳምንቱ እየበረታ ከሄደ የእኛም ደረጃ ቤታችን እንደተቀመጥን ከፍ ይላል። ለዚህ ነው ደረጃው የሚመሠረትበት ነገር የአንድ ቡድን ታሪክ ሳይሆን የሁሉም ግንኙነት ነው የምለው። ጎግል እ.ኤ.አ. በ1998 ሲመሠረት የድረ ገጾችን ደረጃ ያወጣበት መንገድም የዚህ ዘመድ ነው፤ አንድ ገጽ የሚከበረው ስንት ገጾች እንደጠቆሙት ብቻ ተቆጥሮ ሳይሆን የጠቆሙት ገጾች ራሳቸው የተከበሩ መሆናቸው ተመዝኖ ነው።

ክቡን መንገድ በመደጋገም መስበር

«ሀን ለማወቅ ለን» የሚለውን ክብ አልረሳሁትም። መውጫው ትዕግሥት ነው፤ የኮምፒውተሩ ችሎታም ይኸው ነው።

በመጀመሪያ ሁሉም ቡድኖች እኩል ናቸው ብለን ለሁሉም ዜሮ እንስጥ። ቀጥለን ለእያንዳንዱ ቡድን በየጨዋታው የነጥብ ልዩነቱን ከተጋጣሚው ቁጥር ጋር ደምረን አማካዩን እንውሰድ። በመጀመሪያው ዙር የተጋጣሚዎች ቁጥር ዜሮ ስለሆነ ልዩነቱ ብቻ ይቀራል፤ ወልቂጤ 12 እና 8 አሸንፎ አማካዩ 10 ነው፤ ጉንችሬ 5 ነው፤ እምድብር በ5 ተሸንፎ፣ በ10 አሸንፎ፣ በ8 ተሸንፎ ከዜሮ በታች 1 ነው፤ አገና ከዜሮ በታች 11 ነው።

በሁለተኛው ዙር እነዚህን አዳዲስ ቁጥሮች ይዘን ያንኑ ሥራ እንደግማለን። ወልቂጤ የገጠማቸው አገናና እምድብር ደካማ ሆነው ስለተገኙ 10 የነበረው ወደ 4 ይወርዳል። ጉንችሬ 5 ላይ ተጋጣሚው እምድብር አንድ ቀንሶበት እርሱም 4 ይሆናል። እኩል ሆኑ! እንደገና ብንደግመው ቁጥሮቹ ከፍ ዝቅ ይላሉ፤ ከዚያ ውዝዋዜያቸው እየጠበበ ይሄድና ይረጋሉ። ሲረጉ ወልቂጤ ከጉንችሬ በ1፣ ከእምድብር በ6፣ ከአገና በ14 በልጦ እናገኘዋለን፤ ቅድም ካሰላነው ጋር አንድ ነው። ለአራት ቡድን በካልኩሌተር ይሠራል። ለ15 ሺህ ቡድን ኮምፒውተር ያስፈልጋል፤ ሐሳቡ ግን አልተለወጠም።

ይህን የነጥብ ልዩነት ዘዴ በአሜሪካ ያስታወቀው ኬኔት ማሲ ነው፤ መነሻው እ.ኤ.አ. በ1997 ብሉፊልድ ኮሌጅ ተማሪ ሳለ ያዘጋጀው የመመረቂያ ጽሑፍ ነበር። ደረጃ አወጣጡ በኋላ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች «አሜሪካን ፉትቦል» ውድድር የሻምፒዮና ተፋላሚዎችን ለመለየት ከተጠቀመባቸው ስሌቶች አንዱ ሆነ። ከጉንችሬ ብዙ ሳይርቅ ጉብሬ ላይ ባለው የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ የስታትስቲክስና የኮምፒውተር ተማሪዎች ይህን ልብ ቢሉት ደስ ይለኛል፤ የመመረቂያ ርዕስ ለሚፈልግ ሰው የትምህርት ቤቶች ውድድር ጥሩ እርሻ ነው።

ከቼዝ እስከ ዋልያዎቹ

ሌላም ታላቅ መንገድ አለ። እስካሁን ያየነው ዘዴ የዓመቱን ጨዋታ ሁሉ ሰብስቦ በአንድ ጊዜ ይፈታል። ሁለተኛው ግን ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ ጥቂት ጥቂት ያርማል። የፈጠረው አርፓድ ኤሎ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1903 ሀንጋሪ ውስጥ ተወልዶ አሜሪካ ሚልዋኪ ያደገ፣ በማርኬት ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ያስተማረ፣ ቼዝ የሚወድ ሰው። የአሜሪካ ቼዝ ፌዴሬሽን ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1960፣ የዓለም ቼዝ ፌዴሬሽን በ1970 ተቀበሉት።

ሐሳቡ ይህ ነው። ከጨዋታው በፊት ሁለቱ ባላቸው ነጥብ ተመሥርተን ማን ምን ያህል የማሸነፍ ዕድል እንዳለው እንገምታለን። ከጨዋታው በኋላ የሆነውን ከገመትነው ጋር እናስተያያለን። የታሰበው ከሆነ የሚለወጠው ነጥብ ትንሽ ነው፤ ያልታሰበ ከሆነ ብዙ ነው። ለምሳሌ 1600 ነጥብ ያለው ቡድን 1400 ካለው ጋር ቢጫወት፣ በኤሎ ቀመር የማሸነፍ ተስፋው 76 በመቶ ነው። በአንድ ጨዋታ የሚንቀሳቀሰውን ትልቁን ነጥብ 32 ብናደርገው፣ ጠንካራው ሲያሸንፍ 8 ያህል ብቻ ይጨምራል፤ ደካማው ካሸነፈ ግን 24 ያህል ያገኛል። አንዱ ያገኘውን ሌላው ያጣል።

ፊፋ ከነሐሴ 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአገራትን ደረጃ የሚያወጣው በዚህ ሐሳብ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው አሠራር የጨዋታዎችን አማካይ ይወስድ ስለነበር የወዳጅነት ጨዋታ ማድረግ ደረጃን የሚጎዳበት ጊዜ ነበር። ፖላንድ ለ2018ቱ የዓለም ዋንጫ ዕጣ ስትዘጋጅ የወዳጅነት ጨዋታዋን ቀንሳ ከጠንካሮቹ ጎራ መሰለፏ ብዙ ያነጋገረውም ለዚህ ነው። ስሌቱ የተሳሳተ ነገር ከሸለመ ሰው የተሳሳተውን ይሠራል፤ ደረጃ ለሚያወጣ ሁሉ ትልቅ ትምህርት ነው።

የእኛን ታሪክ ደግሞ ተመልከቱ። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ዋልያዎቹ በአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ግብጽን 2 ለ 0 አሸነፉ። በፊፋ ቀመር የማጣሪያ ጨዋታ ክብደቱ 25 ነው። ስሌቱ እንዲቀለን በሁለቱ አገራት መካከል 400 ነጥብ ልዩነት ነበር ብለን እናስብ። በዚህ ቀመር የኢትዮጵያ ተስፋ 18 በመቶ ያህል ይሆናል። ቢሸነፉ የሚያጡት ከ4 ነጥብ ብዙ አይበልጥም፤ አቻ ቢወጡ 8 ያህል ያገኛሉ፤ በማሸነፋቸው ግን 21 ያህል ይጨምራሉ። በደካማ አገር ላይ የሚገኙ ጥቂት ድሎች እንዲህ ያለውን አንድ ቀን አያህሉም። «ማንን አሸንፈው ነው?» ለሚለው ጥያቄ ቀመሩ የሰጠው መልስ ይህ ነው።

ያ ጨዋታ ሌላም ነገር ያስተምረናል። የሜዳው ባለቤት ኢትዮጵያ ነበረች፤ ጨዋታው ግን የተካሄደው ማላዊ ሊሎንግዌ ነው፤ ምክንያቱም የአገራችን ስታዲየሞች የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መስፈርት አላሟሉም ነበር። በራስ ሜዳ መጫወት ጥቅም እንዳለው ማንም ያውቃል፤ ደጋፊው አለ፣ ጉዞ የለም፣ ቅርጫቱም ሜዳውም የለመዱት ነው። የፊፋ ቀመር ይህን አይቆጥርም። ብዙዎቹ የአሜሪካ ስሌቶች ግን ከባለሜዳው ጥቂት ነጥብ ይቀንሳሉ። እዚያ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ የወልቂጤ ከተማ እግር ኳስ ክለብ በ2011 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ካደገ በኋላ፣ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሊጉ በተመረጡ ከተሞች ተሰባስቦ ይካሄድ ስለነበር «የሜዳው ባለቤት» የሚለው ቃል በወረቀት ላይ ብቻ የቀረበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ ለስሌት የሚጠቅመው የማን ተራ እንደነበር ሳይሆን ጨዋታው በእርግጥ የት እንደተደረገ ነው።

ስሌቱ ራሱ የማያውቀው

ይህን ያህል ካደነቅሁት ድክመቱንም መናገር ይገባኛል።

የመጀመሪያው ተራራው ነው። የጉራጌ ተራሮች ቡታጅራን በምሥራቅ፣ ወልቂጤን፣ እምድብርንና ጉንችሬን በምዕራብ አድርገው ይለያሉ። በ2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ማዕከል ሆነች፤ የዞን ውድድሮችም ተለያዩ። እንግዲህ በምዕራብ ያሉት እርስ በርስ ብቻ፣ በምሥራቅ ያሉትም እርስ በርስ ብቻ ቢጫወቱ፣ የትኛውም ኮምፒውተር ሁለቱን ወገኖች ማስተያየት አይችልም። መሰላል የለማ! በየወገኑ አንደኛው ማን እንደሆነ ይነግረናል፤ ሁለቱን አንደኞች ግን አያወዳድርም። አንድ የወዳጅነት ጨዋታ ብቻ፣ አንድ የጉንችሬ ቡድን ቡታጅራ ሄዶ ቢጫወት፣ ሁለቱ ዓለማት ይገናኛሉ። ክሩ ቀጭን ቢሆንም ከዚያ ቀን ጀምሮ ንጽጽር ይቻላል። ሦስት አራት ቢሆን ደግሞ እምነት የሚጣልበት ይሆናል።

ሁለተኛው የተማሪው መሄድ ነው። የክለብ ተጫዋች ለዓመታት ይቆያል፤ የትምህርት ቤት ቡድን ግን በየዓመቱ የ12ኛ ክፍል ልጆቹን ይሸኛል። ያለፈው ዓመት ነጥብ ለመነሻ ግምት ያገለግል እንደሆን እንጂ ለአዲሶቹ ልጆች አይወረስም። መስከረም ላይ ቁጥሮቹን ወደ መሐል መመለስ ፍትሐዊ ነው።

ሦስተኛው ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ነው። የነጥብ ልዩነት ያለ ገደብ ከተቆጠረ አሰልጣኝ ደረጃ ፍለጋ ደካማውን ቡድን በ60 ነጥብ እንዲያዋርድ እንገፋፋዋለን። እነዚህ ልጆች ናቸው። ስለዚህ ልዩነቱ ከ15 ወይም ከ20 በላይ ቢሆንም 15 ወይም 20 ተብሎ ብቻ ይቆጠር። ይህ ለልጆቹ ክብር ብቻ ሳይሆን ለስሌቱም ይጠቅማል፤ አሸናፊው ከተለየ በኋላ የሚገባ ነጥብ ስለ ጥንካሬ የሚነግረን ጥቂት ነው። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች «አሜሪካን ፉትቦል» የሻምፒዮና ምርጫ የነጥብ ልዩነትን የሚቆጥሩ ስሌቶች እ.ኤ.አ. በ2002 ጭራሽ ተከልክለው ነበር። ኮሊ ድሮውንም ድልና ሽንፈትን ብቻ ነው የሚቆጥረው። በፎርፌ የተገኘ ውጤትም ወደ ልዩነቱ መግባት የለበትም፤ መኪና መበላሸቱን እንጂ ኳስ መጫወቱን አይነግረንም።

በመጨረሻም ልዩነቱ ጠባብ ሲሆን አንገበዝ። ቅድም ወልቂጤ 14፣ ጉንችሬ 13 ብለናል። አንድ ነጥብ አንድ ቅጣት ምት ናት። ይህን ይዞ «እኛ እንበልጣለን» የሚል ሰው ስሌቱን አልተረዳውም። ትክክለኛው ንባብ ሁለቱ እኩያ ናቸው፣ ቢገናኙ ጥሩ ጨዋታ እናያለን የሚለው ነው።

ታዲያ ምን ይጠቅመናል?

ዋንጫ ሜዳ ላይ ይወሰን፤ በዚህ አልደራደርም። የስሌቱ ቦታ ከዋንጫው በፊት ነው። የዞን ውድድር ሲዘጋጅ ቡድኖች በዕጣ ይደለደላሉ። ዕጣ ሐቀኛ ነው፣ ግን ዕውር ነው። ደረጃው አስቀድሞ ከታወቀ አራቱን ጠንካሮች በአራት ምድብ አስቀምጦ የቀሩትን በዕጣ መደልደል ይቻላል፤ ያኔ ሁለቱ ምርጦች በመጀመሪያው ቀን አይጠፋፉም። ፊፋ የዓለም ዋንጫ ዕጣ ሲያወጣ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ደካሞቹም ይጠቀማሉ፤ ከእኩያቸው ጋር የሚጫወቱበት ምድብ ቢበጅላቸው ልጆቹ በየጨዋታው ተስፋ ይኖራቸዋል።

ሁለተኛው ጥቅም የወዳጅነት ጨዋታ ዋጋ ማግኘቱ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በጎረቤት ትምህርት ቤት የተደረገ ጨዋታ ማንም ሳይመዘግበው ይጠፋ ነበር። በዚህ ስሌት ግን እርሱም አንድ ክር ነው። ለጠንካራ ቡድን በጥቂት ነጥብ መሸነፍ ደካማን ከማሸነፍ የበለጠ ሊያስመሰግን ስለሚችል አሰልጣኝ ከባድ ተጋጣሚ መፍራቱን ይተዋል።

ሦስተኛው፣ ኮምፒውተሩ የማን ልጅ እንደሚጫወት፣ የየትኛው ሰፈር ሰው ጮክ ብሎ እንደሚከራከር አያውቅም። ግን ደንቡን የሚያወጡት ሰዎች ናቸው፤ ገደቡ 15 ይሁን 20፣ ባለሜዳው ስንት ይቀነስበት የሚለውን እኛ እንወስናለን። ስለዚህ ቀመሩ ከመጀመሪያው ጨዋታ በፊት ተጽፎ ለሁሉም ትምህርት ቤት ይድረስ፤ በመሐል አይለወጥ። ማንኛውም ተማሪ በራሱ ስልክ አስልቶ ያንኑ መልስ ሊያገኝ የሚችልበት ደረጃ ብቻ ነው ሊታመን የሚገባው።

ይህ ሁሉ የቆመው ግን በአንድ ነገር ላይ ነው፤ በተጻፈ ውጤት ላይ። በዓለም ላይ ያለው ምርጥ ቀመር ያልተመዘገበ ጨዋታን ማስላት አይችልም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። ውድ ነገር አልጠይቅም። አንድ ባለ መስመር ደብተር፣ ለእያንዳንዱ ጨዋታ አንድ መስመር፤ ቀኑ፣ ሜዳው የት እንደነበር፣ ሁለቱ ቡድኖች፣ የሁለቱም ነጥብ፣ በፎርፌ ከሆነም «ፎርፌ» የሚል ቃል። የወንዶቹም የሴቶቹም፣ የውድድሩም የወዳጅነቱም።

እንግዲህ ጉንችሬ፣ እምድብር፣ አገና፣ ወልቂጤ፣ ቡታጅራ ያላችሁ የስፖርት መምህራን፣ የቡድን አምበሎች፣ ሒሳብ የምትወዱ ተማሪዎች፣ ደብተሩን ዛሬ ክፈቱ። በሚቀጥለው ጨዋታ ፊሽካው ሲነፋ ሜዳውን ከመልቀቃችሁ በፊት ያችን አንድ መስመር ጻፉ፤ ከዚያ ደብተሩን ለጎረቤት ትምህርት ቤት አሳዩና የእነርሱንም ጠይቁ።